የሄልሜቱ ፓተንት መቼ ያበቃል? ቀኑን ከሰነዱ ላይ ማስላት

ደብረ ብርሃን ካሉት የግንባታ ዕቃ ሱቆች አንድ ሄልሜት ገዝታችሁ ገልብጡት። ከግንባሩ ጥላ ስር ፕላስቲኩ ላይ ጎልቶ የወጣ፣ ሳንቲም የሚያህል ክብ ምልክት ታገኛላችሁ። ዙሪያውን ከ1 እስከ 12 ተጽፎ መሃሉ ላይ ቀስት አለ፤ ከቀስቱ ግራና ቀኝ የዓመቱ ሁለት አሃዞች ይነበባሉ። ብዙ ሰው ይህን አይቶ «የሚያበቃበት ቀን» ይላል። አይደለም። ሄልሜቱ ከሻጋታ የወጣበት ወርና ዓመት ነው፤ ፕላስቲኩ ስንት ዓመት እንደሚያገለግል የሚቆጠረው ከዚያ ተነስቶ ነው። ከፓተንቱ፣ ማለትም ፈጠራውን ሌላ ሰው ሠርቶ እንዳይሸጠው ለተወሰነ ዓመት ከሚከለክለው መብት ጋር ዝምድና የለውም።

የፓተንት ቁጥር ካለ የሚገኘው ከውስጥ ማሰሪያው ተለጣፊ ላይ ወይም ከካርቶኑ ጎን ነው። ፓተንቱ የሚያበቃበት ቀን ግን ዕቃው ላይ አይጻፍም። የፓተንቱ ሰነድ ራሱ ላይ እንኳ ቁልጭ ብሎ አይገኝም። ተሰልቶ ነው የሚወጣው። ስሌቱ ደግሞ የሚጀምረው ፓተንቱ ከተሰጠበት ቀን ሳይሆን የመጀመሪያው ማመልከቻ ከገባበት ቀን ነው። ሰው የሚሳሳተው በአብዛኛው እዚህ ላይ ነው።

ከስሌቱ በፊት አንድ ጥያቄ መልሱ፦ ተመሳሳዩን ዕቃ ሠርታችሁ የት ነው የምትሸጡት? ፓተንት የአገር ድንበር አይሻገርም። አሜሪካ የተሰጠ ፓተንት አሜሪካ ውስጥ መሥራትን፣ መሸጥንና ወደዚያ ማስገባትን ይከለክላል፤ ደብረ ብርሃን ላይ ሠርቶ ሸዋ ሮቢት ላይ የሚሸጥ ሰውን አይነካም። ባለ ሱቁ «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ፓተንት ያለው ነው» ሲል የየት አገር እንደሆነ ጠይቁት። ከኢንዱስትሪ ፓርኩ ወደ ውጭ ለሚልክ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የውጭ ገዢ በውሉ ውስጥ «የፓተንት ክስ ቢመጣ አምራቹ ይከፍላል» የሚል አንቀጽ ማስገባት ይወዳል። ያን አንቀጽ ከመፈረም በፊት ቀኑን ማወቅ ግድ ነው።

ቁጥሩን ማንበብ

ከቁጥሩ በፊትና በኋላ ያሉት የላቲን ፊደላት ብዙ ይናገራሉ። ከፊት «ዩኤስ» ካለ የአሜሪካ፣ «ኢፒ» ካለ የአውሮፓ፣ «ሲኤን» ካለ የቻይና ነው። «ደብሊው ኦ» ካለ ገና ፓተንት አይደለም፤ በዓለም አቀፉ የትብብር ስምምነት በኩል የገባ ማመልከቻ ነው፣ በዚያ ብቻ ማንንም መክሰስ አይቻልም። የአሜሪካው ቁጥር መጨረሻ «ኤ1» ከሆነ የታተመ ማመልከቻ ነው፤ «ቢ1» ወይም «ቢ2» ከሆነ የተሰጠ ፓተንት ነው። ከቁጥሩ ፊት «ዲ» ካለ የቅርጽ ማለትም የንድፍ ፓተንት ስለሆነ ዕድሜው በሌላ ሕግ ይቆጠራል። «ፓተንት ፔንዲንግ» የሚል ጽሑፍ ማመልከቻ ገብቷል ማለት ነው እንጂ መብቱ ተሰጥቷል ማለት አይደለም።

ቁጥሩን ያለ ነጠላ ሰረዝና ያለ ክፍተት፣ ከአገሩ ፊደላት ጋር አያይዛችሁ ጉግል ፓተንትስ ወይም ኢስፓስኔት የተባሉት የፓተንት መፈለጊያ ገጾች ላይ አስገቡ። ሁለቱም በነጻ ናቸው። ጉግል «ይጠበቃል» ብሎ የሚያበቃበትን ቀን ያሳያል፤ ነገር ግን ግምት እንጂ የሕግ ድምዳሜ እንዳልሆነ ራሱ ጽፎታል። መነሻ አድርጉት፣ አትመኩበት።

ቀጥሎ የመጀመሪያውን ገጽ በፒዲኤፍ አውርዱ። እዚያ ላይ በቅንፍ የተቀመጡ ትንንሽ ቁጥሮች አሉ። እንግሊዝኛው ቢያስቸግር እንኳ ቁጥሮቹ በየትኛውም አገር ሰነድ ላይ ያው ናቸው፣ የቻይናው ሰነድ ላይም። (22) ማመልከቻው የገባበት ቀን ነው። (45) የአሜሪካ ፓተንት የተሰጠበት ቀን ነው። (30) በሌላ አገር ቀድሞ የገባ ማመልከቻ ነው። (60) ጊዜያዊ ማመልከቻ፣ (62) ከሌላ ማመልከቻ ተከፍሎ የወጣ፣ (63) የቀድሞ ማመልከቻ ተከታይ፣ (86) ደግሞ በዓለም አቀፉ መንገድ የመጣ መሆኑን ያሳያል። በ(73) ባለቤቱ፣ በ(72) ፈጣሪው ይገኛሉ። የምትፈልጉት ዕድሜ ያለው ከ(22) እና ከ60ዎቹ ነው። (45) ላይ ዓይናችሁ ቢያርፍም እለፉት።

እናት ማመልከቻና ልጆቿ

የአሜሪካ ፓተንት ዕድሜ፣ እ.ኤ.አ. ከሰኔ 8 ቀን 1995 ጀምሮ ለገቡ ማመልከቻዎች፣ ከመጀመሪያው መደበኛ ማመልከቻ ቀን 20 ዓመት ነው። «የመጀመሪያው» የምትለዋ ቃል ናት ሥራውን የምታበዛው። አንድ ሄልሜት ሰሪ አንድ ፓተንት አውጥቶ አያርፍም፤ ከእናት ማመልከቻዋ እየመዘዘ ልጆች ያስከትላል። በምሳሌ እንየው፤ ቀኖቹ ለማስረዳት የተቀመጡ ናቸው፣ ሁሉም እ.ኤ.አ.።

አንድ ድርጅት መጋቢት 14 ቀን 2005 ጊዜያዊ ማመልከቻ አስገባ። ይህ ማመልከቻ 12 ወር ይቆያል፣ አይመረመርም፣ ከ20ው ዓመትም አይቆጠርም። ጥቅሙ ወረፋ መያዝ ነው፤ ከዚያ ቀን በኋላ ሌላ ሰው ተመሳሳዩን ይዞ ቢመጣ ይቀደማል። መጋቢት 10 ቀን 2006፣ ዓመቱ ሊሞላ አራት ቀን ሲቀረው፣ መደበኛው ማመልከቻ ገባ። እናቲቱ ይህች ናት። ፓተንቱ የተሰጠው ኅዳር 3 ቀን 2009 ነው። ስለዚህ ዕድሜው የሚያልቀው ከ2005ም ከ2009ም ሳይሆን ከ2006 ተቆጥሮ መጋቢት 10 ቀን 2026 ነው።

ድርጅቱ እናቲቱ ፓተንት ከመሆኗ በፊት፣ ጥቅምት 20 ቀን 2009፣ ተከታይ ማመልከቻ አስገባ። ተከታይ ማለት ያው ገለጻና ያው ሥዕል ሆኖ የሚጠየቀው መብት ብቻ የተለየ ነው፤ እናቲቱ የሄልሜቱን የውስጥ ማሰሪያ ጠይቃ ከነበረ ልጅቱ ማሰሪያውን ከቆቡ ጋር የሚያያይዘውን መቆለፊያ ትጠይቃለች። ይህ ልጅ በ2012 አዲስ ቁጥር ይዞ ወጣ። ዕድሜው? ያው መጋቢት 10 ቀን 2026። ከልጅቱ ሌላ ልጅ ተወልዶ በ2024 ቢሰጥ እንኳ ሁለት ዓመት ያህል ብቻ ኖሮ ከእናቱ ጋር ያበቃል። አዲስ ቁጥር ስላያችሁ አዲስ 20 ዓመት የተጀመረ አይምሰላችሁ።

መርማሪው «እዚህ ውስጥ ሁለት ፈጠራ አለ፣ ለዩት» ሲል ተከፍሎ የሚወጣው ማመልከቻም እንዲሁ ነው። አስቸጋሪው ሦስተኛው ዓይነት ነው፤ የቀድሞውን ይዞ አዲስ ነገር የሚጨምር፣ «በከፊል ተከታይ» የሚባለው። ለምሳሌ በሰኔ 2008 ላብ የሚመጥጥ የግንባር ማሰሪያ ተጨመረ እንበል። ዕድሜው አሁንም ከ2006 ይቆጠራል፤ ወረፋው ግን ለአዲሱ ነገር ከ2008 ነው። ስለዚህ በ2007 ገበያ ላይ ተመሳሳይ ማሰሪያ እንደነበር ማስረጃ ካላችሁ ያን ክፍል ለመጣል ትጠቀሙበታላችሁ። በከፊል ተከታይ ፓተንት ለባለቤቱ ዕድሜ ይበላበታል፣ ለተወዳዳሪ ደግሞ በር ይከፍታል። ድርጅቶች ለምን እንደሚያወጡት አንዳንዴ ግራ ይገባል።

ከ(63) ወይም ከ(62) ጋር ያልተያያዘ፣ ራሱን ችሎ የገባ የማሻሻያ ፓተንት ግን የራሱ ሙሉ 20 ዓመት አለው። ስለዚህ አንድ ሄልሜት አምስት ቁጥር ከተጻፈበት አምስቱንም አንድ በአንድ ክፈቱ። አራቱ አንድ ቤተሰብ ሆነው አብረው ሊያበቁ ይችላሉ፤ አምስተኛው እንግዳ ሆኖ ገና አሥር ዓመት ሊቀረው ይችላል።

የውጭ አገር ቀዳሚ ማመልከቻ፣ ማለትም (30)፣ ወረፋ ይሰጣል እንጂ ዕድሜ አይቆርጥም። ስዊድን ገብቶ በ12 ወር ውስጥ አሜሪካ የገባ ማመልከቻ 20ው የሚቆጠርለት አሜሪካ ከገባበት ነው። በዓለም አቀፉ መንገድ ከመጣ ደግሞ ዓለም አቀፉ ማመልከቻ የገባበት ቀን እንደ አሜሪካ ቀን ይወሰዳል፤ አሜሪካ የምርመራ ደረጃ ላይ የደረሰበት ቀን፣ ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው ወረፋ 30 ወር ያህል የሚዘገየው፣ አይቆጠርም።

ቀኑን የሚያስረዝሙና የሚያሳጥሩ

ከመጀመሪያው ገጽ በስተግራ የኮከብ ምልክት ያለበት ትንሽ ማስታወሻ ፈልጉ። እዚያ ላይ የፓተንቱ ዕድሜ «በ212 ቀን» ተስተካክሏል የሚል ሊኖር ይችላል። የአሜሪካ ፓተንት ቢሮ ምርመራውን ካዘገየ ያዘገየውን ያህል ቀን ለባለቤቱ ይመልሳል። በምሳሌያችን እናቲቱ 212 ቀን ከተጨመረላት መጋቢት 10 ሳይሆን ጥቅምት 8 ቀን 2026 ታበቃለች። ይህን መስመር ሳያዩ ማለፍ ሰባት ወር ማሳሳት ነው፤ አንድ ኮንቴይነር ሄልሜት ለመላክ ሰባት ወር ትልቅ ነገር ነው።

በተቃራኒው ልጅቱ 301 ቀን ተጨምሮላት ከእናቲቱ ዘግይታ የምታበቃ ቢመስልም፣ ባለቤቱ «ከእናቲቱ አላሳልፋትም» ብሎ የፈረመበት የዕድሜ መተው ሰነድ ካለ እሷም ጥቅምት 8 ላይ ታቆማለች። ይህ ሰነድ አንዳንዴ ከኮከቡ ማስታወሻ ጋር ይጠቀሳል፤ ፓተንቱ ከተሰጠ በኋላ ከገባ ግን የመጀመሪያው ገጽ ላይ አይኖርም። በአሜሪካ ፓተንት ቢሮ ፓተንት ሴንተር የተባለ ገጽ ላይ ሙሉ ፋይሉን ከፍቶ ማየት ይፈልጋል።

ለመድኃኒት የሚሰጠው የዕድሜ ማራዘሚያ ለግንባታ ሄልሜትም ለብየዳ ጓንትም የለም። ሰው ሲያወራው ብትሰሙ ግራ አትጋቡ።

ትልቁ አሳጣሪ ክፍያ ነው። የአሜሪካ ፓተንት ከተሰጠበት ቀን በ3.5፣ በ7.5 እና በ11.5 ዓመት የማቆያ ክፍያ አለው። ከንድፍ ፓተንትና ከድሮዎቹ በቀር (45) የሚያስፈልገው ለዚህ ብቻ ነው። ከእያንዳንዱ በኋላ ቅጣት ተጨምሮበት የስድስት ወር ጊዜ ይሰጣል። የእናቲቱ ሦስተኛ ክፍያ ግንቦት 3 ቀን 2021 ይደርሳል፤ እስከ ኅዳር 3 ቀን 2021 ካልተከፈለ ፓተንቱ በዚያው ቀን ይሞታል፣ ከ2026 አራት ዓመት ቀድሞ። ዕቃው ካልተሸጠለት ባለቤቱ ይህን ክፍያ ሊተወው ይችላል። ጉግል ላይ በክፍያ ምክንያት ያለፈና ዕድሜውን ጨርሶ ያለፈ ተለይተው ይታያሉ። የመጀመሪያውን ካያችሁ ቶሎ አትደሰቱ፤ ባለቤቱ «ሳላስበው ነው ያለፈኝ» ብሎ አመልክቶ ሊያስነሳው ይችላል። በመካከሉ ሥራ የጀመረ ሰው የተወሰነ ከለላ አለው፣ ያም ቢሆን በፍርድ ቤት የሚለካ ነው። የንድፍ ፓተንት ይህ ክፍያ የለበትም።

የንድፍ ፓተንት ራሱ አጭር ጉዳይ ነው። አሜሪካ፣ እ.ኤ.አ. ከግንቦት 13 ቀን 2015 ጀምሮ ለገባ፣ ከተሰጠበት ቀን 15 ዓመት፤ ከዚያ በፊት ለገባ 14 ዓመት። ቻይና ፈጠራ 20፣ አነስተኛ ፈጠራ 10፣ ንድፍ ደግሞ ከሰኔ 2021 ወዲህ 15 ዓመት ከማመልከቻው ቀን። የአውሮፓ ፓተንት ማመልከቻው ከገባበት 20 ዓመት ሆኖ በየአገሩ በየዓመቱ ይከፈልበታል፤ ጀርመን ሕያው ሆኖ ጣሊያን የሞተ ሊሆን ስለሚችል ዕቃው የሚራገፍበትን አገር ለይታችሁ ፈልጉ።

የድሮዎቹ

ከሰኔ 1995 በፊት የአሜሪካው ሕግ ከተሰጠበት ቀን 17 ዓመት ነበር። የመኪናውን ባለ ሦስት ነጥብ የደህንነት ቀበቶ ለቮልቮ የሠራው ኒልስ ቦህሊን አሜሪካ ያመለከተው እ.ኤ.አ. ነሐሴ 17 ቀን 1959 ሲሆን ፓተንቱ ሐምሌ 10 ቀን 1962 ተሰጠ፤ 17ቱ ሲቆጠር እስከ 1979 ነው። ቮልቮ ግን ቀድሞውኑ ለሌሎች ሰሪዎች ክፍት አድርጎት ነበር። ጥይት መከላከያ ልብስ ውስጥ የሚገባውን ኬቭላር የተባለውን ክር የፈጠረችው ስቴፋኒ ክዎሌክ ፓተንቷ ሰኔ 25 ቀን 1974 ተሰጥቶ 1991 አበቃ። ክሩን በጥንካሬ ለመፍተል ያገለገለው የኸርበርት ብሌድስ ዘዴ ደግሞ ሌላ ፓተንት ነበር፣ በ1973 የተሰጠ። ክሩ አንድ፣ አፈታተሉ ሌላ። ይህ ዛሬም ይሠራል፦ ዕቃው ነጻ ሆኖ የአሠራሩ ዘዴ ላይ ሕያው ፓተንት ካለ፣ በዚያ ዘዴ እዚህ ተሠርቶ አሜሪካ የሚገባ ዕቃም ያስከስሳል።

የክሩ ፓተንት ቢያበቃም «ኬቭላር» የሚለው ስም የንግድ ምልክት ነው። ስሙን ጓንታችሁ ላይ ለመጻፍ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ «ፓራ አራሚድ ክር» ብሎ መጻፍ ይቻላል። የንግድ ምልክት እየታደሰ ይኖራል እንጂ እንደ ፓተንት አያረጅም። እኛ አገር በአዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት በየ7 ዓመቱ ይታደሳል።

እኛ አገር

አዋጅ ቁጥር 123/1987 የፓተንትን ዕድሜ ማመልከቻው ከገባበት ቀን 15 ዓመት አድርጎ፣ ፈጠራው ኢትዮጵያ ውስጥ በአግባቡ ሥራ ላይ እየዋለ መሆኑ ከተረጋገጠ 5 ዓመት ይጨምራል። ለአነስተኛ ፈጠራ የሚሰጠው የግልጋሎት ሞዴል ሰርተፊኬት 5 ዓመት ሆኖ፣ ሥራ ላይ መዋሉ ሲታይ ለሌላ 5 ይታደሳል። ለአብዛኛው ወርክሾፕ ይህ ሁለተኛው ይበቃዋል፤ የብየዳ ጓንት አውራ ጣት ላይ ስፌቱን ወደ ጀርባ ማዞር የመሰለ ሥራ ለፓተንት የሚጠየቀውን የፈጠራ ብልጫ ላያሟላ ይችላል።

ሦስተኛው መንገድ የአስገቢ ፓተንት ነው። ውጭ አገር ፓተንት የተሰጠበት፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ግን ያልተመዘገበ ፈጠራን አገር ውስጥ አስገብቶ ለሚሠራ ሰው እስከ 10 ዓመት ይሰጣል። ቅድመ ሁኔታው የውጭው ፓተንት ዕድሜው ያላለፈ መሆኑ ነው። ስለዚህ ለአስገቢ ፓተንት የሚፈለገው ሕያው የውጭ ፓተንት ነው፣ ለኤክስፖርት የሚፈለገው የሞተ። ያው ስሌት ሁለቱንም ያገለግላል። ክፍያ ባለመከፈሉ ሦስት ዓመት ቀድሞ የሞተ ፓተንት ይዞ አዲስ አበባ ድረስ መሄድ የትራንስፖርት ኪሳራ ነው። የውጭው ፓተንት እዚህ ተመዝግቦ እንደሆነም የሚጣራው በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው፤ ጉግል ላይ አለመገኘቱ ማስረጃ አይሆንም።

የመንዝ ሰዎች ደግሞ ይህን ይጠይቃሉ፦ «ባናችንን ውጭ ያለ ሰው ፓተንት ቢያወጣበትስ?» ባና፣ ከመንዝ በግ ጸጉር የሚሠራው፣ ከጥንት የታወቀ ስለሆነ አዲስ ነገር አይደለም፤ አዲስ ያልሆነ ነገር ደግሞ ፓተንት አይሰጥበትም። የሱፍ ጸጉር እሳት ቶሎ ስለማይያያዘው ባናን ከበግ ቆዳ ጋር ደርቦ የብየዳ ሽርጥ መሥራት ግን፣ አደራረቡ አዲስ ከሆነ፣ ሊመዘገብ ይችላል። ለባዛር ወይም ለፌስቡክ ከማውጣታችሁ በፊት አመልክቱ። አንዴ ለሕዝብ ከታየ «አዲስ ነው» ማለት ይከብዳል።

ወረቀቱ ላይ

ለእያንዳንዱ ቁጥር አንድ መስመር ስጡ፦ አገሩ፣ (22)፣ የእናቲቱ ቀን፣ የተጨመረ ቀን፣ የዕድሜ መተው ሰነድ አለ ወይም የለም፣ የመጨረሻው ክፍያ፣ የሚያበቃበት ቀን። ቀኑን ሁልጊዜ በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉት። «2006» የሚለውን እንደኛ ዓመተ ምሕረት ወስዶ 2026 ዓ.ም. ላይ ያበቃል ያለ ሰው ስምንት ዓመት ያለ ምክንያት ይጠብቃል። እ.ኤ.አ. መጋቢት 10 ቀን 2026 የእኛ መጋቢት 1 ቀን 2018 ነው፤ ጥቅምት 8 ቀን 2026 ደግሞ መስከረም 28 ቀን 2019። የወሮቹ ስም አንድ መሆኑ ነው የሚያሳስተው፣ «ጥቅምት» ተብሎ የተተረጎመው ኦክቶበር የመጀመሪያ አሥር ቀኑ ያህል መስከረማችን ነውና።

ፓተንቱ የሚከለክለው በሰነዱ መጨረሻ ተራ ቁጥር ተሰጥቷቸው የተዘረዘሩትን የመብት ጥያቄዎች ብቻ ነው። ሥዕሉ ከእናንተ ሄልሜት ጋር ስለተመሳሰለ አትደንግጡ። ቁጥር 1 ላይ የተጻፉትን ክፍሎች አንድ በአንድ ቁጠሩ፤ «አራት ማያያዣ ያለው ማሰሪያ፣ የሚሽከረከር ማጥበቂያ እና በመካከላቸው ተንሸራታች ሽፋን» ካለና የእናንተ ሽፋኑ ከሌለው፣ ያ ጥያቄ በቀጥታ አይመለከታችሁም። ሌሎቹን ራሳቸውን የቻሉ ጥያቄዎችም እንዲሁ አንብቡ፤ አጠራጣሪ ከሆነ ለጠበቃ መክፈል እዚህ ላይ ነው የሚያዋጣው።

ዕቃውን ለመጫን አንድ ሳምንት ሲቀር ፋይሉን እንደገና ክፈቱት፤ ክፍያ ሊታደስ፣ አዲስ ልጅ ፓተንት ሊሰጥ ይችላል። ከማብቂያው ቀን በፊት አሜሪካ ወደብ የገባ ዕቃ ፓተንቱ ካበቃ በኋላም እስከ ስድስት ዓመት ወደኋላ ተቆጥሮ ካሳ ሊጠየቅበት ስለሚችል፣ መርከቡ ጅቡቲን የሚለቅበትን ሳይሆን ወደብ የሚደርስበትን ቀን ከወረቀታችሁ ጋር አስተያዩ።